«እሷን አድኗታል»፦ ስለ ባህል መድኃኒት ስንሰማ የምንሳሳታቸው ነገሮች

በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ አካባቢ መድኃኒት መደብር ውስጥ ነው የምሠራው። እዚህ ዳር ሰፈር ማዘዣ ከመውጣቱ በፊት «ጎረቤቴ ይሄን ጠጥታ ዳነች» የሚለው ወሬ ይቀድማል። በሃይላንድ የተሞላ አረንጓዴ ጭማቂ ባንኮኒው ላይ ይቀመጣል። «ዶክተር፣ ይሄ ጥሩ ነው?» እባላለሁ። በባህል መድኃኒት ላይ ቂም የለኝም፤ ጉንፋን ሲይዘኝ እኔም ዳማከሴ በቡና እጠጣለሁ። ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ ምስክርነቱን የምንሰማበት መንገድ ነው።

የዳነውን ብቻ መስማት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ሰፈራችን ውሻ በሽ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ገና እየተሠራ፣ ቆሻሻው ገና ሳይነሣ፣ በየሥጋ ቤቱ ደጅ ውሻ ይንጋጋል። ልጅ ሲነከስ «ለውሻ መድኃኒት የሚሰጡ አባት አሉ፤ አንድም ሰው ሞቶባቸው አያውቅም» የሚል ሰው አይጠፋም።

ሰውዬው እየዋሸ ላይሆን ይችላል። የሚናከስ ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም። ያበደ ውሻ የነከሰው ሁሉም አይያዝም፤ ምራቁ ሱሪው ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቅጠሉን ከጠጡት አብዛኞቹ ውኃ ቢጠጡም ኖሮ ይተርፉ ነበር። የተያዘው ሰው ላይ ደግሞ ምልክቱ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው። አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ያኔ ቤተሰቡ ለቅሶ ይቀመጣል እንጂ ባለ መድኃኒቱ ደጅ ሄዶ «አልሠራም» ብሎ አይመሰክርም። የባለ መድኃኒቱ ስም እንደጸዳ ይቀጥላል።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ባቱ ላይ የጥርስ ቀዳዳ አለ፤ በላዩ የተወቀጠ ቅጠል ተለጥፎበታል። «ፋሻ ብቻ ስጠኝ» አለችኝ። «ውሻውስ የት አለ እህቴ?» ስላት «እኔ እንጃ፣ የመንገድ ውሻ ነው» አለች። ያበደ መሆን አለመሆኑ እንዲለይ ታስሮ 10 ቀን የሚታይ ውሻ የለም ማለት ነው። ቅጠሉን አንስተን ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጠብነው፤ በዚያው ለክትባት ላክኋቸው። መንገድ ላይ የሚያገኟቸው ጎረቤቶች እንዳይመልሷት ፈርቼ ባጃጅ ውስጥ እስክትገባ ቆሜ አየሁ።

ለውሻ ንክሻ ምስክር አትፈልጉ። ሳሙና፣ ውኃ፣ ክትባት። በቃ።

በራሱ የሚያልፈውን ለቅጠሉ መስጠት

«የወፍ በሽታ በሐኪም አይድንም» ሲባል ያልሰማ የለም። ዓይን ቢጫ ከሚያደርጉት አንዱ ሄፓታይተስ ኤ ነው፤ አብዛኛውን ሰው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ በራሱ ይለቀዋል። በአዋቂነቱ ሄፓታይተስ ቢ ከያዘው ጤነኛ ሰውም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ቫይረሱን ራሱ ያስወግዳል። ሐኪሙ «እረፍ፣ ፈሳሽ ውሰድ» ብሎ ሲሸኝ፣ ባለ ቅጠሉ ብርጭቆ ያስጨብጣል። ምስጋናውን ማን እንደሚወስድ ግልጽ ነው። ደግሞም ሰው መድኃኒት ፍለጋ የሚወጣው በጣም ሲብስበት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቀን ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል።

ሁለት ወስዶ አንዱን ማመስገን

«ሽፈራው ስኳሬን አወረደልኝ።»
«የስኳር ኪኒኑን፣ ሜትፎርሚኑንስ አቁመዋል አባባ?»
«እሱንማ እንዴት አቆማለሁ!»

በስሜት መለካት

ግፊት ብዙ ጊዜ አያምም። «ራሴን ቀለለኝ» ማለት ግፊቱ ወረደ ማለት አይደለም፤ ተለኩ።

ታሪኩን ቶሎ መዝጋት

ኮሶ ይሠራል። ትሉ ሲወጣ በዓይን ስለሚታይ ከዚህ የበለጠ ምስክር ያለ አይመስልም። ግን የትሉ ራስ አንጀት ላይ ተጣብቆ ከቀረ በ2 እና በ3 ወር ውስጥ እንደገና ያድጋል። የድሮ ሰው በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣ የነበረው ጥሬ ሥጋ ስለማይተው ብቻ አይመስለኝም። «ዳንኩ» ያላችሁን ሰው ከ3 ወር በኋላ ደግማችሁ ጠይቁት። የኮሶው መጠን ሲበዛ ዓይን እስከመጉዳት እንደሚደርስም አትርሱ።

ወሬ ነው ብሎ መጣል

ይሄ የእኛ የባለሙያዎቹ በሽታ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቢልሃርዝያ የሚባለውን ከውኃ የሚይዝ በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። አይቶ ብቻ አላወራም፤ በሕይወት ያሉትን ወስዶ እንዶዱ እንደሚገድላቸው ፈተነ። ከዓመታት ምርምር በኋላ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። ከወንዝ ዳር የተለቀመ ወሬ እዚህ ድረስ ይደርሳል፣ የሚፈትነው ሰው ካገኘ።

«ጎዳኝ» የሚለውን እንደ «አዳነኝ» መመዘን

ሁለቱ እኩል አይደሉም። «አዳነኝ» ይጣራ፤ «ጎዳኝ» ግን ገና ሳይጣራ ያስቁም። ለነፍሰ ጡሮች ማቅለሽለሽ ይሰጥ የነበረው ታሊዶማይድ የተባለ መድኃኒት እጅና እግራቸው ያልተሟላ ሕፃናት እንዲወለዱ ማድረጉ በ1961 እ.ኤ.አ. የተነቃው፣ በየክሊኒካቸው ያዩትን ደፍረው በተናገሩ ጥቂት ሐኪሞች ነው።

እኛም ጋ «ንጹህ ቅጠል ነው» ተብሎ ለመገጣጠሚያ ሕመም የተሸጠላቸውን ዱቄት የሚወስዱ እናት መጡ። ጉልበታቸው ተሽሏቸዋል፤ ፊታቸው ግን ክብ ሆኖ አብጧል። እሳቸው «ተመቸኝ፣ ወፈርኩ» ነው የሚሉት። እኔ ስቴሮይድ ጠረጠርኩ፤ ሕመምና እብጠት የሚያስታግስ፣ ሲቆይ ግን ፊትን የሚያሳብጥ ዘመናዊ መድኃኒት ነው፤ በብዙ አገር «የዕፅዋት ነው» በተባለ ዱቄት ውስጥ ተደብቆ ተገኝቷል። እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ ዱቄቱን፣ መቼ እንደጀመራችሁና በቀን ስንት ማንኪያ እንደምትወስዱ ይዛችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። በራሳችሁ በድንገት አታቋርጡት፤ ስቴሮይድ ከሆነ ድንገት ማቆሙም ራሱን የቻለ አደጋ አለው።