ያለ ላፕቶፕ መሥራት ይቻላል? ስልክና ታብሌትን በኮምፒውተር ቦታ የመጠቀም ደረጃዎች

ላፕቶፕ ተወደደ። ሥራ ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ብዙ ሰው እጁ ላይ ያለውን ስልክ እያየ «ይኼ አይበቃኝም ወይ?» ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ኪቦርድና ሰፋ ያለ ስክሪን ከተገኘለት ለብዙ ሰው ስልክ ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ለአንዳንዱ ግን ገበያ ላይ ያለው ውዱ ታብሌት እንኳ አይበቃውም። ልዩነቱን የሚያመጣው የዕቃው ዋጋ ሳይሆን በየቀኑ የሚሠሩት ሥራ ነው።

እንግዲያው ብር ከማውጣትዎ በፊት ባለዎት ስልክ ይሞክሩት። በቅደም ተከተል እንሂድ።

ደረጃ 1፦ ሥራዎን በወረቀት ይዘርዝሩ

«የቢሮ ሥራ» ብለው አይለፉት። ባለፈው ወር በኮምፒውተር የሠሩትን አንድ በአንድ ይጻፉ። የከፈቱትን ሶፍትዌር ስምም ከጎኑ ያስፍሩ። «ደመወዝ በኤክሴል»፣ «ደብዳቤ በወርድ»፣ «የሱቅ ማስታወቂያ ቪዲዮ»፣ «ስብሰባ በዙም» እያሉ።

ዝርዝሩ ውስጥ ስልክ ከኮምፒውተር የሚበልጥባቸው ሥራዎች መኖራቸውን ያያሉ። ሰነድ ስካን ማድረግ አንዱ ነው። የጉግል ድራይቭ አፕ በካሜራው የወረቀቱን ጠርዝ ራሱ ይለያል፣ ምስሉን ያጠራል፣ ገጾቹን ሰብስቦ በፒዲኤፍ ያስቀምጣል። ፎቶ አንስቶ እዚያው ማስተካከል፣ አጭር ቪዲዮ በካፕካት መቁረጥ፣ በቴሌብር መክፈል፣ ደንበኛን በቴሌግራም ማነጋገር፦ ለእነዚህ ኮምፒውተር መክፈት ጊዜ ማባከን ነው።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው ያሉትን ይፈልጉ። የሒሳብ ሠራተኛ ከሆኑና መሥሪያ ቤትዎ ፒችትሪ የሚጠቀም ከሆነ (አዲሱ ስሙ ሴጅ 50 ነው) ሶፍትዌሩ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ስልክ ላይ አይጫንም። መሐንዲሶች የሚሠሩባቸው ሪቪትና ኢታብስም እንዲሁ። ለመመረቂያ ጽሑፍ መረጃ የሚተነተንበት ኤስፒኤስኤስም ኮምፒውተር ይፈልጋል። አውቶካድ የስልክ አፕ አለው፤ ሳይት ላይ ቆሞ ፕላን ለማየትና ትንሽ ለማረም ይጠቅማል። ሙሉ ፕላን ለመሥራት ግን አይመከርም። ኤክሴል ስልክ ላይ ይከፈታል፣ ይደምራል፣ ያጣራል፤ ማክሮ (ተደጋጋሚ ሥራን በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) ግን አያስኬድም።

ከእነዚህ አንዱ የዕለት እንጀራዎ ከሆነ ታብሌት ለመግዛት አይቸኩሉ። 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የፋይል ማከማቻ) ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ይሻልዎታል። ይህን አጥብቄ የምለው ታብሌት «ኮምፒውተር ማለት ነው» ተብሎ ሲሸጥ ስለምሰማ ነው። ያጠራቀመውን ብር አውጥቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ፒችትሪ እንዴት እንደሚጫንበት የሚጠይቅ ሰው ያሳዝነኛል።

ደረጃ 2፦ ስልክዎ ምን መቀበል እንደሚችል ይወቁ

በቻርጀሩ ቀዳዳ በኩል ኪቦርድ፣ ማውስና ፍላሽ ለማገናኘት ስልኩ ኦቲጂ የሚባለው፣ ሌላ ዕቃ እንዲቀበል የሚያስችለው አሠራር ሊኖረው ይገባል። አብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች አላቸው። ትንሿን የኦቲጂ ማገናኛ ከስልክ ዕቃ መሸጫ ያገኟታል። ሰክተው ማውስ ያገናኙ። ስክሪኑ ላይ ቀስት ከታየ ጨረሱ። ኦፖን በመሳሰሉ አንዳንድ ስልኮች ግን መጀመሪያ ሴቲንግ ገብቶ ኦቲጂን ማብራት ያስፈልጋል። ይህን ያላወቀ ሰው ማገናኛው ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ይችላል።

ስክሪን ማገናኘት ሌላ ነገር ነው። ዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ ያላቸው ስልኮች ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ከውስጥ ግን ይለያያሉ። በገመድ ምስል የሚያወጡት ዲስፕሌይ ፖርት የሚባለውን አሠራር የሚደግፉት ናቸው። ዝቅተኛና መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ስልኮች በብዛት አይደግፉትም። ስለዚህ ዩኤስቢ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረውን ገመድ ከመግዛትዎ በፊት ሱቁ ውስጥ፣ በራስዎ ስልክ፣ ሻጩ ቴሌቪዥን ላይ ያስሞክሩ። ስልኩ ምስል የማያወጣ ከሆነ ውድ ገመድ መግዛት አይፈታውም።

ሳምሰንግ ካለዎት ዴክስ የሚባለውን ይፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከጋላክሲ ኤስ 8 ጋር የመጣ ነው። ስልኩን ከቴሌቪዥን ወይም ከሞኒተር ጋር ሲያገናኙት የስልኩ ስክሪን ብቻ አይደለም የሚታየው። ከታች የአፖች መስመር ያለው፣ መስኮት ጎን ለጎን የሚከፈትበት፣ ኮምፒውተር የሚመስል ገጽ ይመጣል። በአንዱ መስኮት ወርድ፣ በሌላው ቴሌግራም ከፍተው መሥራት ይችላሉ። ዴክስ የሚገኘው በዋናነት በኤስ እና በኖት ተከታታይ ስልኮች ነው፤ ኤ የሚባሉት በአብዛኛው የላቸውም። ከታብሌቶቹ ደግሞ ታብ ኤስ የሚባሉት በአብዛኛው አሏቸው። በእነሱ ላይ ተጨማሪ ስክሪን ባይኖር እንኳ ዴክስ በራሱ በታብሌቱ ላይ ይከፈታል።

አይፎን ከ15 ጀምሮ ዩኤስቢ ሲ ሆኗል፤ ምስልም ያወጣል። የሚያወጣው ግን የስልኩን ስክሪን ራሱን አስፍቶ ነው። ለስብሰባ ማሳያ ይሆናል፣ ለጽሕፈት ሥራ ግን ምቾት የለውም። አይፓድ ከዚህ የተሻለ ነው። በተለይ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው አይፓድኦኤስ 26 መስኮቶችን እንደ ኮምፒውተር እንዲያንቀሳቅሱና መጠናቸውን እንዲቀይሩ ያስችላል።

ስልክዎ ምስል ካላወጣስ? ያኔም ተስፋ አይቁረጡ። 10 ኢንች አካባቢ የሆነ ታብሌት በማቆሚያ ላይ ቆሞ ኪቦርድ ከተሰጠው ለደብዳቤና ለንባብ ይበቃል።

ደረጃ 3፦ ኪቦርዱን በአማርኛ ይሞክሩት

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ስለ ታብሌትና ኪቦርድ በየቦታው የሚጻፈው ምክር ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ የታሰበ ነው። የእኛ ጉዳይ ለየት ይላል።

ብሉቱዝ ኪቦርድ ሲያገናኙ ስልኩ በስክሪኑ ላይ ያለውን ኪቦርድ ይደብቃል። ለንክኪ ብቻ የተሠሩ የአማርኛ ኪቦርዶችም አብረው ይጠፋሉ። «ሰላም» ለማለት ቁልፉን ሲጫኑ በላቲን ፊደል ይወጣል። ኪቦርዱ በደንብ ይሠራል፣ ስልኩም ጤነኛ ነው፣ አማርኛው ግን የለም። ስለዚህ ኪቦርድ ከመግዛትዎ በፊት ከጓደኛ ተውሰው ወይም እዚያው ሱቅ ውስጥ አንድ ሙሉ አንቀጽ በአማርኛ ጽፈው ይዩ። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያሉትን፣ «ኳ» እና «ቷ»ን፣ አራት ነጥቡንም ጭምር።

ኪይማን የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር በዊንዶውስም በአንድሮይድም አማርኛ ስለሚያጽፍ ሙከራውን በእሱ ይጀምሩ። እሱም ካልተመቸዎት ሴቲንግ ውስጥ ስለ ውጭ ኪቦርድ የሚናገረውን ክፍል ይክፈቱና የስክሪኑ ኪቦርድ አብሮ እንዲታይ ያድርጉ። አማርኛውን በጣትዎ፣ እንግሊዝኛውንና ቁጥሩን በኪቦርዱ ይጽፋሉ። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ አጭር ደብዳቤ ግን ያስጨርሳል።

ሌላም መንገድ አለ፣ ብዙ ሰው የማይሞክረው። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አማርኛን በድምፅ ይቀበላል። የጉግል ኪቦርድ በሆነው በጂቦርድ ላይ ማይክራፎኗን ነክተው ሲናገሩ ይጽፍልዎታል። ሥርዓተ ነጥቡን ራስዎ ማስገባት፣ የሳታቸውንም ቃላት ማረም አለብዎት። እንዲያም ሆኖ ረጅም ረቂቅ ለማውጣት በጣት ከመጻፍ ይፈጥናል።

ማውስን በተመለከተ ብዙ የምለው የለም። በርካሹም ይሠራል። ኤክሴል ላይ ያለ ማውስ በጣት ብቻ መሥራት ግን ትዕግሥት ያስጨርሳል፣ እንዳይረሱት።

ደረጃ 4፦ የድሮ ፋይሎችዎን ከፍተው ይዩ

ከዴስክቶፑ ላይ የተለያዩ ዓመታት ፋይሎችን ይምረጡና ቴሌግራም ላይ ለራስዎ ይላኩ። ከዚያ በስልኩ ይክፈቷቸው። ሁለት ነገር ሊያጋጥምዎት ይችላል።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ጽሑፉ በትክክል ይነበባል፣ ገጹ ግን ተዛብቷል። ኮምፒውተሩ ላይ ኒያላ በሚባለው የፊደል ዓይነት (ፎንት) የተጻፈው ስልኩ ላይ ያ ፎንት ስለሌለ በሌላ ተተክቷል። ፊደሉ ሲሰፋ ወይም ሲጠብ አራት ገጽ የነበረው አምስት ይሆናል፤ ፊርማው ብቻውን ሌላ ገጽ ላይ ይወድቃል። ለዚህ መፍትሔው ጽሑፉ ሲያልቅ ፒዲኤፍ ማድረግ ነው። ፋይሉን ለኅትመት ወደ ጽሕፈት ቤት ሲልኩም በወርድ አይላኩ፤ ፒዲኤፉን ይላኩ።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። ፋይሉ ሲከፈት አንድም የአማርኛ ፊደል የለም፤ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ተደበላልቀው ይታያሉ። ፋይሉ አልተበላሸም። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም መሣሪያዎች በጋራ ወደሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ ቁጥር፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች የተጻፈው ሰነድ የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጠው። ያ ፎንት የተጫነበት ኮምፒውተር አማርኛ ያሳያል፤ የሌለበት ስልክ ግን ከሥር ያለውን ላቲን ብቻ ያያል። ቤተ ክርስቲያን፣ ዕድር፣ ቀበሌና ጠበቃ ቤት እንዲህ ያለ ሰነድ ሊገኝ ይችላል። ኮምፒውተሩን ከመሸጥዎ በፊት እነዚህን ፋይሎች እዚያው ላይ ፒዲኤፍ ያድርጓቸው። ወደፊት የሚታረሙ ከሆነ ደግሞ ወደ ዩኒኮድ ያስቀይሯቸው። ኮምፒውተሩ ከቤት ከወጣ በኋላ መቀየር ብዙ ድካም አለው።

ስለ አፖቹ አንድ ነገር ልጨምር። የማይክሮሶፍት ወርድና ኤክሴል 10.1 ኢንች ወይም ከዚያ ያነሰ ስክሪን ባለው መሣሪያ ላይ መሠረታዊውን ሥራ በነፃ ያሠራሉ። ስክሪኑ ከዚያ ከበለጠ ለማረም ክፍያ ይጠይቃሉ። ትልቁን ታብሌት ከመምረጥዎ በፊት ይህን ያስቡበት። ጉግል ዶክስ እንዲህ ያለ ገደብ የለውም፤ ፋይሉን ቀድመው ከመስመር ውጭ እንዲሠራ ካደረጉት ኔትወርክ ሲጠፋም ይጽፋል።

ፍላሽ ደግሞ ስልኩ ካላነበበው ምናልባት ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የፋይል አደረጃጀት የተዘጋጀ ነው። ኮምፒውተር ላይ ፎርማት ሲያደርጉ ኤክስፋት ወይም ፋት 32 ይምረጡ። ፋት 32 ላይ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይገባም። ፎርማት ሲደረግ ውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ አስቀድመው ይቅዱት።

ደረጃ 5፦ ለመብራትና ለስርቆት ይዘጋጁ

መብራት ሲጠፋ ዴስክቶፕ ወዲያው ይሞታል። ስልክ በፓወር ባንክና በዳታ ሥራውን ይቀጥላል። ይህ ስልክን ከምመክርባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ዳሩ ግን ስክሪኑ በገመድ ሲገናኝ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ማገናኛ ሲገዙ ቻርጀር የሚሰካበት ተጨማሪ ቀዳዳ ያለው ይሁን።

ስልክ ከላፕቶፕ ይልቅ ለሌባ ቅርብ ነው። ሥራዎ ሁሉ እሱ ላይ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው። የስክሪን ቁልፍ ያድርጉ። ጉግል ድራይቭ 15 ጊጋባይት በነፃ ስለሚሰጥ ሰነዶችዎን እዚያም ያስቀምጡ። የሲም ካርድ ፒን ማብራትም አይርሱ።

ደረጃ 6፦ ላፕቶፑን ዘግተው አንድ ሳምንት ይሥሩ

ዝግጅቱ ካለቀ ኮምፒውተሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ያስገቡት። ሳምንቱን ሙሉ ሥራዎን በስልኩ ወይም በታብሌቱ ብቻ ይሥሩ። የተቸገሩበትን ሁሉ ወዲያው ደብተር ላይ ይጻፉ፦ ምን ሊሠሩ ነበር፣ ምን እምቢ አለ፣ በምን ተወጡት።

ደብተሩ ላይ የተጻፈው በወር አንዴ የሚመጣ ሥራ ከሆነ ለእሱ ብለው ላፕቶፕ መግዛት አያስፈልግም። ለዚያ ቀን ኢንተርኔት ቤት መሄድ ይቻላል። ወይም መሥሪያ ቤቱ ከፈቀደ የቢሮውን ኮምፒውተር በክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ ወይም በኤኒዴስክ ከስልክዎ ሆነው ይክፈቱ። ያኔ ፒችትሪም ቢሆን በስልኩ ስክሪን ላይ ይታያል፤ የሚሠራው ግን ቢሮ ያለው ማሽን ነው። ቢሮው መብራትና ኢንተርኔት ሊኖረው፣ ኮምፒውተሩም በርቶ ሊቆይ ይገባል። ችግሩ በየቀኑ የሚደጋገም ከሆነ ግን መልስዎን አግኝተዋል፦ ላፕቶፕ ያስፈልግዎታል።

ተማሪ ያለበት ቤት ከሆነ ከሁሉም በላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር ይሰጣል። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ስልክ ብቻ ሲነካካ ያደገ ልጅ ትምህርቱን ጠንቅቆ ቢያውቅም እዚያ ወንበር ላይ ማውስ ሲይዝ እጁ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ኮምፒውተር መግዛት ባይቻል እንኳ ኪቦርድና ማውስ ከስልኩ ጋር አገናኙለት፤ ከፈተናው ወራት ቀደም ብሎ ይለማመድባቸው።

ሙከራው ከተሳካልዎ የሚገዙትን በዚህ ቅደም ተከተል ይግዙ፦ መጀመሪያ ኪቦርድና ማውስ፣ ቀጥሎ ስልኩ ምስል የሚያወጣ ከሆነ የስክሪን ማገናኛ፣ ቤት ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ለዓይንዎ ካልተስማማ ያገለገለ ሞኒተር። አዲስ ታብሌት ከሁሉም በኋላ ይምጣ።