ራይንና ሞዘል ላይ በመርከብ ስትጓዙ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

እንደ ራይንና ሞዘል ባሉ የጀርመን ወንዞች ላይ በመርከብ መጓዝ ዋጋው ቀላል አይደለም። ሰው ቆጥቦ፣ ወላጆቹን ወይም የትዳር አጋሩን ይዞ የሚሄድበት ጉዞ ነው። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ «ምነው ቀድሜ ባወቅኩ» ማለት ያንገበግባል። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ወንዙን እንደ ባሕር፣ መርከቡን ደግሞ እንደ መዝናኛ ሆቴል ከማየት ነው። ወንዝ ይሞላል፣ ይጎድላል። መርከቡም ትንሽ ነው፤ የሚኬደው ግራና ቀኙን ለማየት ነው።

ውሃው ሁሌም በቂ ነው ብሎ ማሰብ

ካውብ የምትባል ትንሽ የራይን ከተማ ላይ የውሃ መለኪያ አለ። በዚያ አካባቢ ወንዙ ጥልቀት ስለሌለው መርከበኞች ዓይናቸውን አይነቅሉበትም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 መለኪያው እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ነበር። ቁጥሩ የወንዙ ሙሉ ጥልቀት አይደለም፤ መርከብ የሚሄድበት መስመር ከዚያ ይጠልቃል። ቢሆንም ለትልልቅ መርከቦች ጭንቅ ነበር። በ2022 በጋም ውሃው ክፉኛ ጎድሏል። ሲሞላ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ መርከቡ በድልድይ ሥር ማለፍ ያቅተዋል።

እንዲህ ሲሆን ድርጅቶቹ መንገደኛውን በአውቶቡስ ያጓጉዛሉ ወይም መሃል ላይ ወደ ሌላ መርከብ ያዛውራሉ። ውሉ ብዙ ጊዜ ይህን ይፈቅድላቸዋል። ስለዚህ ሳትከፍሉ በፊት «ውሃው ቢጎድል ምን ታደርጋላችሁ? ገንዘብስ ትመልሳላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። በሜይና በጁን የአልፕስ ተራሮች በረዶ ስለሚቀልጥ ራይን አብዛኛውን ጊዜ በቂ ውሃ አለው። የወይን ለቀማው ግን በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ነው፤ ውሃው የሚጎድለውም ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ለቀማውን እመርጣለሁ፤ አደጋውን አውቆ መሄድ ግን የግድ ነው።

ሸለቆው ሲታለፍ ክፍል ውስጥ መሆን

ይህ ከሁሉም ያሳዝነኛል። ከቢንገን ከተማ እስከ ኮብሌንዝ ከተማ ያለው 65 ኪሎ ሜትር የራይን ሸለቆ የጉዞው ልብ ነው። ዩኔስኮ በ2002 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ወደ 40 የሚጠጉ ግንቦችና ፍርስራሾች ከኮረብታው ላይ ቁልቁል ያዩዋችኋል። ብዙዎቹን በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የፈረንሳይ ጦር አፍርሷቸዋል፤ ጥቂቶቹ በ19ኛው መቶ ዘመን እንደገና ተሠርተዋል። ማርክስቡርግ የሚባለው ግንብ ግን ሳይፈርስ እስከ ዛሬ ቆሟል። ካውብ ላይ ወንዙ መሃል ትንሽ ደሴት አለች። እሷ ላይ ነጭ ግንብ ተሠርቷል፤ ድሮ ከሚያልፈው መርከብ ሁሉ ቀረጥ ይሰበሰብበት ነበር። ከዚያ ወዲያ ሎሬላይ የሚባለው 132 ሜትር ከፍታ ያለው ዓለት ይመጣል፤ ወንዙም እዚያ ጥብብ ብሎ ይታጠፋል።

ይህን ሁሉ ለማለፍ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው የሚፈጀው። ምሳ እየበሉ ወይም ሻንጣ እያስተካከሉ የሚያልፋቸው ሰዎች አሉ። ስለዚህ መርከቡ ሸለቆው የሚገባበትን ሰዓት ዋዜማውን ጠይቁ። ጃኬት ደርባችሁ ከላይኛው ወለል ቦታ ያዙ፤ በበጋም ቢሆን ጠዋት ላይ ነፋሱ ይበርዳል።

ለበረንዳ ብዙ ገንዘብ ማውጣት

በረንዳ የሚያሳየው አንድ ወገን ብቻ ነው። ከተማ ዳር ሲቆም ደግሞ መርከቦች ጎን ለጎን ተጠጋግተው ስለሚታሰሩ፣ ከበረንዳችሁ የሚታየው የጎረቤት መርከብ መጋረጃ ሊሆን ይችላል። ያን ገንዘብ ለሞዘል ጉዞ ብታውሉት ይሻላል።

ወይኑን መርከብ ላይ ብቻ መቅመስ

ራይን ዳር ባለችው ሩደስሃይም ከተማ ድሮሰልጋሰ የምትባል 144 ሜትር ርዝመት ያላት ጠባብ መንገድ አለች። ሙዚቃና ሰው የሞላባት ናት። አንዴ እለፉባት፤ እዚያው ግን አትቅሩ።

ሞዘል ላይ ስትደርሱ ወደ ወይኑ ማሳ ውጡ። ብሬም መንደር አጠገብ ያለው ካልሞንት ከአውሮፓ እጅግ ገደላማ ከሆኑት የወይን ማሳዎች አንዱ ነው። ቀና ብላችሁ ስታዩ ወይኑ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ይመስላል። መሬቱ ጠፍጣፋ፣ ጠቆር ያለ ድንጋይ ነው፤ ስትረግጡት ከእግራችሁ ሥር እየተንሸራተተ ይንኳኳል። ከሰዓት በኋላ እጃችሁን ብታሳርፉበት ይሞቃል። ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ለወይኑ ስለሚለቅ ሪስሊንግ የሚባለው የወይን ዓይነት በዚህ ቀዝቃዛ አገር እንዲበስል ይረዳዋል። ትራክተር አይወጣውም። ገበሬዎቹ በአንድ ሐዲድ ላይ በምትሳብ ትንሽ ጋሪ ይወጣሉ፤ ወይኑንም በእጅ ይለቅማሉ። ይህን ያየ ሰው ጠርሙሱ ለምን እንደሚወደድ አይጠይቅም።

አንዳንድ ገበሬዎች በዓመት ለጥቂት ወራት ግቢያቸውን ከፍተው የራሳቸውን ወይን ከቀላል ምግብ ጋር ይሸጣሉ። እንዲህ ያለ ቤት ካገኛችሁ ግቡ። ሪስሊንግ ሁሉ ጣፋጭ አይደለም፤ ጣፋጭ የማትወዱ «ትሮከን» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጠርሙስ ፈልጉ።

ቪዛና ጥቃቅን ነገሮች

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ከሆነ የመርከቡን መስመር በካርታ ተከተሉ። ከአምስተርዳም እስከ ባዝል ያለው ሁሉ ሸንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚኬድባቸው የአውሮፓ አገሮች ክልል ነው። በዳኑብ ወንዝ ከጀርመኗ ፓሳው ተነስታችሁ የሰርቢያ ከተማ ቤልግሬድ ከደረሳችሁ ግን ከሸንገን ወጥታችኋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ አይመልሳችሁም። የጉዞ ኢንሹራንሱም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት።

እሑድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው። ትንንሽ ቤቶች ካርድ ላይቀበሉ ስለሚችሉ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። የምትጾሙ ከሆነ ቦታ ስትይዙ ንገሯቸው፤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል እንደማትበሉ ዘርዝራችሁ ጻፉ።

እናት አባታችሁን ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ሊፍቱ የትኛው ወለል ድረስ እንደሚሄድ ጠይቁ። ብዙ መርከቦች ላይ እስከ ታችኛው ክፍልና እስከ ላይኛው ጣሪያ አይደርስም። መርከቦች ጎን ለጎን ሲታሰሩም በሌላው መርከብ ውስጥ፣ አንዳንዴም በጣሪያው በኩል በደረጃ ማለፍ አለ። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰዎች መካከለኛው ወለል ላይ፣ ከሊፍቱ ብዙ ያልራቀ ክፍል ያዙላቸው።