ጣውላው ለምን ይወላገዳል? የተንቀሳቃሽ ባንድሶው ፍጥነት፦ ችግርና መፍትሄ

የባንድሶው (ቀበቶ መሳይ ምላጩ በሁለት መንኮራኩር ላይ እየዞረ ግንድ የሚሰነጥቅ ማሽን) ምላጭ አዲስ ነው። ውጥረቱ ልክ ነው። ጣውላው ግን እንደ ቤት ቆርቆሮ ሸንተረር እያወጣ ይወርዳል። ጅማና ዙሪያዋ ካሉ ግንድ ሰንጣቂዎች በብዛት የሚደወልልኝ ለዚህ ነው። ስለቱን፣ ውጥረቱንና የመንኮራኩሮቹን አሰላለፍ አይታችኋል ብዬ ልለፍ። ካላያችሁ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ።

ቁጥሩን እንያዝ። በእንዲህ ዓይነት ማሽን ላይ ምላጩ በሰከንድ ከ23 እስከ 28 ሜትር ቢሮጥ ጥሩ ነው። ለፈረንጅ ጽድም፣ ለግራቪሊያም፣ ለባህር ዛፍም የምንሰራው እዚያው ውስጥ ነው። ደረቅ ባህር ዛፍ ላይ ወደ ታችኛው ጫፍ መጠጋት ይቻላል። በዛፉ ዓይነት በዋናነት የሚቀየረው ግን የምትገፉበት ፍጥነትና የጥርሱ አቆራረጥ ነው።

ምልክት፦ ሰፊ ግንድ ላይ መሃሉ ይወላገዳል፣ ሰጋቱራው ሸካራ ነው፣ ሞተሩ ግን ምንም አላለም

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ሞተሩ ተቀይሯል፣ ፑሊው (ቺንጊያው የሚዞርበት ጎማ) አልተቀየረም።

የቤንዚን ሰልፍ ያሰለቸው ሁሉ ቤንዚን ሞተሩን አውርዶ ባለ አንድ ሲሊንደር ናፍታ ይጭናል። ሻጩ «የፈረስ ጉልበቱ እኩል ነው» ይለዋል። እኩል ሊሆን ይችላል። ዙሩ ግን እኩል አይደለም። የቤንዚኑ ሞተር በደቂቃ እስከ 3,600 ይዞራል። በየሱቁ በብዛት የምናየው አግድም (ሲሊንደሩ የተኛ) ናፍታ ከ2,200 ገደማ አያልፍም።

እናስላው። የምላጩ መንኮራኩር ከጠርዝ እስከ ጠርዝ (ዲያሜትሩ) 48 ሳንቲሜትር ነው እንበል። አንድ ዙር ሲዞር ምላጩ 1.5 ሜትር ያህል ይሄዳል። የሞተሩ ፑሊ 10፣ የመንኮራኩሩ ፑሊ 34 ሳንቲሜትር ከሆነ፣ በቤንዚኑ ጊዜ መንኮራኩሩ 1,059 ዙር ያገኛል። ምላጩ በሰከንድ 26.6 ሜትር ይሮጣል ማለት ነው። በዚያው ፑሊ ናፍታ ስትጭኑ መንኮራኩሩ ወደ 647 ዙር ይወርዳል፣ ምላጩም ወደ 16 ሜትር። ገፊው ግን እንደለመደው ይገፋል። እያንዳንዱ ጥርስ ከአቅሙ በላይ ይነክሳል፣ በጥርሶቹ መሃል ያለው ጉድጓድ በሰጋቱራ ይሞላል፣ ምላጩም መውጫ ሲያጣ ወደ ጎን ይሸሻል።

መፍትሄው አዲስ የሞተር ፑሊ ነው። በዚህ ምሳሌ 16 ሳንቲሜትር ይበቃል፣ 26 ሜትር ላይ ይመልሳችኋል። ስትለኩ የፑሊውን ጠርዝ አይደለም፣ ቺንጊያው የሚቀመጥበትን ቦታ ለኩ። ቺንጊያውም ወደ 9 ሳንቲሜትር ያህል ረዘም ማለት አለበት። አሮጌውን በግድ ወጥራችሁ ካስገባችሁ ኩሽኔታውን ትበላላችሁ።

«ፑሊው ሲተልቅ ሞተሩ አይከብደውም?» ይሉኛል። ጉልበቱ በእርግጥ እኩል ከሆነ አይከብደውም። ናፍታው ዙሩ ቢያንስም በእያንዳንዱ ዙር የሚያጠመዝዝበት ኃይል ይበልጣል። የተሰራው እንዲህ እንዲሄድ ነው።

ፑሊውን ቶርኖ ቤት አሰሩ፣ ከድፍን ብረት። ከተቃጠለ አሉሚኒየም አቅልጠው የሚሸጡትን አትንኩ። ውስጡ አየር የቋጠረ ነው፣ ፑሊውን ከዘንጉ ጋር የሚያስረው የቁልፉ ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። ቀዳዳው መሃሉን ከሳተ ደግሞ ማሽኑ በሙሉ ይንቀጠቀጣል፣ ያን ጊዜም ጥፋተኛ የሚባለው ምላጩ ነው።

ወደ ሰቃ መንገድ አንድ ደንበኛ ነበረኝ። ናፍታ ከጫነ በኋላ የገዛውን ምላጭ ሁሉ «ፎርጅድ ነው» እያለ ግድግዳ ላይ ይሰቅል ነበር። አንዱን አውርጄ አየሁት፣ ምንም አልሆነም። ጥርሱ እንኳ በወጉ አልደነዘዘም። ፑሊውን ቀይረን የዚያኑ ቀን ከሰቀላቸው አንዱን አስገባን። ሰፊ የጽድ ግንድ ቀጥ አድርጎ ሰነጠቀ። ሰውዬው ዝም ብሎ ጣውላውን ሲዳስስ ቆየና «አባቴ፣ የምላጩን ገንዘብ ማን ይመልስልኛል?» አለኝ። እኔ አይደለሁም።

የተገላቢጦሹ ግን አያስቅም። አጋሮ አካባቢ አንዱ ናፍታው ሲበላሽበት «ለጊዜው» ብሎ ቤንዚኑን መልሶ ጫነ፣ 16ቱ ፑሊ እንዳለ። አስሉት፣ ምላጩ ከ42 ሜትር በላይ ይሮጣል። ከጥርሶቹ ሥር ተሰነጣጠቀ፣ ከዚያ ተበጠሰና የሽፋኑን ቆርቆሮ ቀደደው። ሽፋኑ ባይኖር ገፊው ልጅ ነበር እዚያ የቆመው። ሞተር በቀየራችሁ ቁጥር፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን፣ ፑሊውን አስሉ። መንኮራኩሮቹም ለ42 ሜትር ፍጥነት አልተሰሩም። ሽፋን ፈቶ ማስነሳት ፈጽሞ አይሞከርም። «አንዴ ልየው ብቻ» የሚል ሰው ካለ ከማሽኑ አርቁት።

እንዴት ትለካላችሁ?

የዙር መቁጠሪያ ካለ ጥሩ። ከሌለ ስልክ ይበቃል፣ በሰከንድ 240 ምስል የሚቀርጽ ከሆነ። ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ፣ ከሽፋኑ ውጭ በሚታየው የመንኮራኩሩ ዘንግ ጫፍ ላይ ነጭ ምልክት አድርጉ። አስነስታችሁ ከራቀ ቦታ ቅረጹ። ቪዲዮውን ምስል በምስል እያሳለፋችሁ ምልክቱ ዞሮ እስኪመለስ ቁጠሩ። 14,400ን ለቆጠራችሁት አካፍሉ፣ የደቂቃው ዙር ይወጣል። 14 ምስል ከሆነ 1,029 ዙር ነው፣ ደህና ናችሁ። 22 ከሆነ 655፣ ከላይ ያልኩት በሽታ ነው። አንዴ ባዶውን፣ አንዴ ግንድ ውስጥ እያለ ለኩ። ባዶውን ብቻ ለክቶ «ልክ ነው» የሚል ባለሙያ አላምንም።

ባዶውን ልክ ነው፣ ግንድ ሲገባ ይወርዳል

የጎማ ሽታ ካለ ቺንጊያው እየተንሸራተተ ነው። ጭሱ ከጠቆረ የአየር ፊልትሮውን እዩ፣ ሰጋቱራ ያለበት ቦታ ቶሎ ይደፈናል። ሁለቱም ካልሆነ ከፍታችንን አትርሱ። ጅማ ከባህር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ትበልጣለች። ተርቦ (ተጨማሪ አየር የሚገፋለት መሳሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አስረኛ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። ካታሎጉ ላይ 13 ፈረስ የተጻፈው እዚህ 11 ነው፣ ወደ ዴዶ ስትወጡ ደግሞ ይብስበታል። መፍትሄው ቀስ ብሎ መግፋት ወይም ተለቅ ያለ ሞተር ነው።

ሰጋቱራው እንደ ዱቄት ደቀቀ፣ ምላጩ ጠቆረ

ወይ ፍጥነቱ በዝቷል፣ ወይ ገፊው ፈርቷል። ጥርሱ እየቆረጠ ሳይሆን እየፈተገ ነው። ምላጩ ሲግል ይረዝማል፣ ውጥረቱም ይላላል።

በኤሌክትሪክ የሚሰራ

የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ለ60 ተሰልቶ የመጣ ማሽን 1,750 የነበረው ሞተሩ እዚህ ወደ 1,450 ይወርዳል። የሞተሩን ፑሊ በአንድ አምስተኛ አተልቁ።

ነዳጅ ለመቆጠብ ግማሽ ጋዝ ላይ መስራት

ተዉት። ፍጥነት የሚመረጠው በፑሊ ነው፣ በጋዝ አይደለም። ሞተሩ ጉልበት ያጣል። ዙሩ ሲጨምር ብቻ የሚይዝ ፍሪሲዮን ያለው ከሆነም ተንሸራትቶ ይቃጠላል።

ፍጥነቱ ልክ ሆኖ እርጥብ ባህር ዛፍ ብቻ ላይ ጣውላው ከተቀሰተ፣ ማሽኑን አትንኩ። ግንዱ ሲያድግ የቋጠረው ውጥረት ነው። ከአንድ ወገን ብቻ አትጨርሱት፣ እያገላበጣችሁ ሰንጥቁ።