የመንገድ ዳር ቆሻሻን ለክቶ፣ ወጪውን አስልቶ ማስነሳት፦ ለጅማ ሰፈር ኮሚቴዎች

ፎቶ ብቻ ይዞ ቀበሌ የሄደ ኮሚቴ «እናየዋለን» ተብሎ ይመለሳል። «11 ሜትር ኩብ፣ 4 ምልልስ አይሱዙ» ብሎ የሄደ ግን ስለሚነሳበት ቀን ይነጋገራል። ስለዚህ መጀመሪያ ለኩ። ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ባለው ጊዜ ጨርሱት፤ ጅማ ላይ ዝናቡ ቶሎ ይጠናል። ያን ጊዜ ክምሩ ወደ ዲች ይወርዳል፣ ከዲቹ ወደ አዌቱ ወንዝ፣ ከአዌቱ ወደ ቦዬ ረግረግ። እዚያ የደረሰውን በአካፋ የሚያነሳው የለም።

ሜትር፣ ቀጥ ያለ እንጨት፣ ባለ 20 ሊትር ባልዲና የሽንኩርት ነጋዴ ሚዛን ይበቃል። ዝናብ ካባራ ቢያንስ ሁለት ቀን ይለፍ። ርዝመቱንና ወርዱን ለኩ፤ ለከፍታው እንጨቱን አምስት ቦታ እስከ መሬት ወግታችሁ አማካዩን ያዙ። 6 ሜትር በ3 ሜትር፣ ከፍታው 0.6 ከሆነ 10.8 ሜትር ኩብ ነው። እንደ ቤት ፍርስራሽ አናቱ ሹል ከሆነ ግን የመሬቱን ስፋት በከፍታው አባዙና ለ3 አካፍሉ።

ለክብደቱ ከላይ፣ ከመሃልና ከሥር አንዳንድ ባልዲ ሳትጠቀጥቁ ሞልታችሁ መዝኑ። የባልዲውን ክብደት ቀንሱና አማካዩን በ50 አባዙ። 6 ኪሎ ከመጣ በሜትር ኩብ 300 ኪሎ፣ በጠቅላላው 32 ኩንታል ገደማ ነው። ክምሩ የታመቀ ስለሆነ እውነተኛው ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ከላይ ብቻ የቀዳ ይሸወዳል፤ ላዩ ፌስታልና ደረቅ ገራባ ነው፣ ሥሩ ውሃ የጠጣ ብስባሽ።

ከዚያ አንዱን ባልዲ ሸራ ላይ ዘርግታችሁ በእንጨት ለዩት፤ ከማን እንደመጣ ይነግራችኋል። ገራባና የታሰረበት የኮባ ቅጠል ከበዛ ጫት ቤቶቹን አነጋግሩ፤ የአቮካዶ ፍሬና ልጣጭ ከሆነ ጭማቂ ቤቶቹን፤ አመድና የሽንኩርት ልጣጭ ከሆነ የየቤቱን ነዋሪ። ጓንትና ቦቲ ሳይኖር ማንም እጁን አያስገባ። መርፌ ካያችሁ አቁሙና ለጤና ጣቢያ አሳውቁ።

ወጪው ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ምልልስ ሲቆጥሩ ነው። የተቆፈረ ቆሻሻ ይላላል፤ ሩብ ያህል ጨምሩበት፣ 10.8 የነበረው 13.5 ይሆናል። የመኪናውን ካሶኒ ራሳችሁ ለኩ፤ 4 በ2 በ0.5 ሜትር ከሆነ 4 ሜትር ኩብ ይይዛል፣ ስለዚህ 4 ምልልስ። ለአንድ ጫኝ በቀን 3 ሜትር ኩብ ብትይዙ አያሳፍርም፣ ማለትም ለ13.5ቱ 5 የሰው ቀን። በሰፈራችሁ የዕለቱ ዋጋ አባዙት። የዲች ጠረጋውን ለብቻው ጻፉት፤ በሜትር የሚከፈል ነው።

ዲቹ የሚደፈነው እንዲህ ነው፦ አንድ ፌስታል ቱቦው አፍ ላይ ይለጠፋል፣ ገራባው ይደገፍበታል፣ ከኋላው ደለል ይተኛል። ጠረጋውን ከቁልቁለቱ ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ ከላይ ከጀመራችሁ የለቀቃችሁት ሁሉ የታችኛው ቱቦ ላይ ይሰበሰባል። ያወጣችሁትን ጭቃ ደግሞ በዚያው ቀን አንሱት። ዲቹ ጠርዝ ላይ ደርድሮ መሄድ የተለመደ ነው፣ የሚያናድድም ነው፤ አንድ ኃይለኛ ዝናብ መልሶ ይሞላዋል፣ ሁለት ጊዜም ይከፈላል። ስትጨርሱ ሁለት ባልዲ ውሃ ከላይ ለቃችሁ ከታች መውጣቱን እዩ።

አታቃጥሉ። እርጥብ ገራባ አይነድም፣ ከፌስታል ጋር ለቀናት ይጨሳል እንጂ። ገራባውን ለይታችሁ ከቡና ገለባ ጋር ደባልቁ፣ ቢያንስ 1 ሜትር ከፍታ ይኑረው፣ በየ10 ቀኑ አገላብጡት፤ በሦስት ወር ገደማ ብስባሽ ይሆናል። ፕላስቲክ ጠርሙሱን ቆራሌው ይወስደዋል። ገንዳ ከመጠየቃችሁ በፊት ግን በየስንት ቀኑ እንደሚነሳ በጽሑፍ ተስማሙ፤ የማይነሳ ገንዳ ዙሪያውን አዲስ ክምር ይጠራል።

ቦታው በጸዳ በ7ኛው ቀን ተመልሳችሁ ለኩ። 1.4 ሜትር ኩብ ካገኛችሁ በቀን 0.2፣ በዓመት 73 ነው፤ ሲላላ 91፣ በዚያው መኪና 23 ምልልስ። የ23 ምልልሱን ዋጋ ለሰፈሩ ቤቶችና ለ12 ወር አካፍላችሁ፣ ከቆሻሻ ሰብሳቢው ማህበር ወርሃዊ ክፍያ ጎን ጻፉና በነዋሪው ስብሰባ ላይ አቅርቡት።