የኅብረተሰብ ተሳትፎ ለጤና ፍትሐዊነት እንዲበጅ ምን ይደረግ?

ሰዎች የጤና አገልግሎታቸውን በማቀድም በመፈጸምም የመሳተፍ መብትና ግዴታ እንዳላቸው በዓለም አቀፍ የጤና ጉባኤ የወጣው የአልማ አታ መግለጫ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚያ ወዲህ «ተሳትፎ» የሚል ቃል የሌለበት የጤና ዕቅድ ማግኘት ያስቸግራል። ሆኖም ስብሰባ መጥራት ብቻውን በሰዎች መካከል ያለውን የጤና ልዩነት አያጠብብም፤ ሊያሰፋውም ይችላል። ወደ ስብሰባ የሚመጣው ጊዜ ያለው፣ በቅርብ የሚኖርና መናገር የለመደ ሰው ስለሆነ የእርሱ ችግር የሁሉም ችግር ተብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። ስለዚህ ሥራውን ከማይመጡት ይጀምሩ።

1. የቀሩትን ይለዩ

የጤና ተቋሙን መዝገብ በአማካይ ብቻ አያንብቡት። ከ10 ሕፃናት 9ኙ ተከትበው ሊሆን ይችላል፤ ያልተከተቡት ግን ሁሉም የአንድ መንደር ልጆች ቢሆኑስ? ቁጥሩን በመንደር፣ በጾታ፣ በገቢ፣ በቋንቋና በአካል ጉዳት ከፋፍለው ይዩት። ከዚያም መዝገቡን ዘግተው ሰዎቹ ወዳሉበት ይሂዱ። «ለምን አትመጡም?» የሚለው ጥያቄ ክስ ይመስላል፤ የሚያገኙትም መልስ ይቅርታ መጠየቅ ብቻ ነው። «ባለፈው ሲታመሙ ምን አደረጉ?» ቢሏቸው ግን ታሪካቸውን ይነግሩዎታል። የትራንስፖርቱ ወጪ፣ ከሥራ መቅረት ያስከተለው ጣጣ፣ ካርድ ክፍል ላይ የደረሰባቸው ማመናጨቅ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ።

2. መምጣትን ያቅልሉላቸው

ሰዓቱን እነርሱ ይምረጡት። አስተርጓሚ፣ ልጅ የሚይዝ ሰው፣ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመች መግቢያ ያዘጋጁ። ለትራንስፖርትና ለባከነው የሥራ ቀን ይክፈሉ፤ ባለሙያው ደመወዝ እየተከፈለው የቀን ሠራተኛው በነፃ እንዲያማክረው መጠበቅ ነውር ነው። የተሳታፊው ብዛትም ለውጥ ያመጣል። በባንግላዲሽ፣ በሕንድ፣ በማላዊና በኔፓል የተካሄዱ 7 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ትንተና እንዳሳየው፣ የሴቶች የውይይት ቡድኖች የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን ሞት ይበልጥ የቀነሱት ከነፍሰ ጡሮቹ ቢያንስ 30 በመቶው በተሳተፉባቸው ቦታዎች ነው። ሴቶቹ ትምህርት ሰምተው ወደ ቤታቸው የሚሄዱ አድማጮች አልነበሩም፤ ችግሩን ለይተው፣ መፍትሔውን መርጠው፣ ሥራ ላይ አውለው፣ ውጤቱንም ገምግመዋል።

3. ለየብቻ መዝነው አንድ ላይ ይነጋገሩ

ኬር የተባለው ዓለም አቀፍ የርዳታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 በማላዊ የጀመረው የኅብረተሰብ የውጤት ካርድ እዚህ ላይ ጥሩ መሣሪያ ነው። ተገልጋዮች አገልግሎቱን ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጡታል፤ ሠራተኞችም በበኩላቸው እንዲሁ ያደርጋሉ። ሴቶችና ወጣቶች በየራሳቸው ቡድን ቢሆኑ ይሻላል፤ ሽማግሌ ባለበት የማይነገር ብዙ ነገር አለ። ቀጥሎ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተቀምጠው የነጥቡን ልዩነት ይመረምራሉ። ሠራተኞቹ ለራሳቸው አክብሮት 5 ሰጥተው ተገልጋዩ 2 ከሰጠ የዕለቱ ዋና አጀንዳ ተገኘ ማለት ነው። መድረኩ ወደ ችሎት እንዳይለወጥ ግን ይጠንቀቁ፤ መድኃኒት በመጥፋቱ የምትወቀስ ነርስ ሁለተኛ እውነቱን አትናገርም።

4. ውሳኔውን ያካፍሉ

ይህ ብዙዎች የሚዘሉት ደረጃ ነው። ሐሳብ ተቀብሎ በር ዘግቶ መወሰን ተሳትፎ አይባልም። በብራዚል እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ሕጉ የጤና ምክር ቤቶችን መቀመጫ ግማሽ ለተገልጋዮች ሰጥቷል፤ ምክር ቤቶቹም የገንዘቡን ጉዳይ ጨምሮ የጤና ፖሊሲውን አፈጻጸም የመቆጣጠር ሥልጣን አላቸው። እርስዎ ያን ያህል መስጠት ባይችሉም፣ አነስተኛ የበጀት ክፍል ለይተው ነዋሪዎቹ እንዲወስኑበት ያድርጉ።

5. መልስ ይዘው ይመለሱ

ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ ጽፈው ሁሉም በሚያየው ቦታ ይለጥፉ፤ ማንበብ ለማይችሉትም በቃል ይነገራቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ቁጥሮቹን እንደገና ከፋፍለው ይዩ፤ አማካዩ አድጎ ወደ ኋላ የቀረው ወገን ካልተንቀሳቀሰ ዕቅዱ ይለወጥ። ሊፈጸም ያልቻለውን ጥያቄም ከነምክንያቱ ይናገሩ። ሰው እምቢታን ይቀበላል፤ ዝምታ ከገጠመው ግን ለቀጣዩ ስብሰባ አይመጣም።