የጣውላ ገበያ ሲዋዥቅ፦ የሐዋሳ የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሐዋሳ የቤት ዕቃ የሚሠራ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ ጣውላ የሚገዛው ከደንበኛው ቀብድ ከተቀበለ በኋላ ነው። በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጠንካራ እንጨት ዛሬ ተፈልጎ ዛሬ የሚደርስ ዕቃ አይደለም። በሙያው የተለመደው ግምት፣ በአየር ብቻ ለሚደርቅ ጠንካራ ጣውላ ለእያንዳንዱ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ነው። እንደ ዋንዛ ያሉ መካከለኛ ክብደት ያላቸው እንጨቶች ቀደም ብለው ቢደርቁም ጊዜው የሚቆጠረው በወራት ነው። ስለዚህ ፍላጎት ሲንር መሰንጠቂያው ሥራውን ቢያፋጥንም፣ በዚያ ሰሞን ገበያ ላይ የሚበዛው እርጥብ ጣውላ ነው። እኔም በአንድ የጥር ወር ደረቅ ክምችቴ አልቆብኝ በእርጥብ ዋንዛ የሠራሁት ቁም ሣጥን ክረምት ሳይገባ መዝጊያው ተጣሞ፣ ገበታው ተሰንጥቆ ተመልሶልኛል፤ በጥድፊያ ያገኘሁት ትርፍም ለጥገናው አልበቃም።

ሁለተኛው ስህተት ፍላጎቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል እንደሆነ አድርጎ ማቀድ ነው። የሰርግ ወቅት የሆኑት ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት የአልጋና የቁም ሣጥን ትዕዛዝ ያበዛሉ፤ የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ደግሞ የመሥሪያ ቤቶች ግዢ ወደ ዓመቱ መጨረሻ ይከማቻል። በዐቢይ ጾም ግን ሰርግ ይቆማል፤ አብዛኛው የገጠር መንገድም ገና አልጨቀየም። በዚያ ወቅት ገዝቶ፣ በጣውላዎቹ መካከል አየር እንዲያልፍ ቀጫጭን ዘንግ አስገብቶ፣ ከዝናብና ከፀሐይ ከልሎ የደረደረ ሰው ለቀጣዩ ጥር ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ሦስተኛው፣ ብዙዎች ልብ የማይሉት ስህተት፣ አቅርቦቱ በእንጨት ዋጋ ብቻ የሚወሰን አድርጎ ማሰብ ነው። በሲዳማና በጌዴኦ ዋንዛ በቡና ማሳ ውስጥ የሚያድግ የጥላ ዛፍ ነው፤ ለገበሬው የችግር ቀን ተቀማጭም ነው። ቡናው ጥሩ ዋጋ ያወጣለት ገበሬ ነጋዴው ጨምሮ ቢያቀርብለትም ዛፉን ላይቆርጥ ይችላል፤ የቸገረው ግን በርካሽም ይሸጣል። እንግዲህ ጣውላ የሚገዛ ሰው የቡናን ወሬ ቸል ሊል አይገባም። በርካሽ የቀረበ ሁሉ የአቅርቦት መትረፍረፍን እንደማያሳይም መታወቅ አለበት፤ ያለ ፈቃድ የተቆረጠም ሊሆን ይችላል፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ እንደነበር ይታወሳል። የመቁረጫና የማጓጓዣ ፈቃድ የሌለው ጭነት ኬላ ላይ ሲያዝ ርካሽነቱ ይቀራል።

ሌላው ስህተት የውጭ ዜናን እንደወረደ መቀበል ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. በአሜሪካ የጣውላ ዋጋ ለአንድ ሺህ የቦርድ ጫማ (የቦርድ ጫማ ርዝመቱና ስፋቱ አንድ አንድ ጫማ፣ ውፍረቱ አንድ ኢንች የሆነ የጣውላ መለኪያ ነው) ከ1,600 ዶላር በላይ ሲደርስ እዚህም የሰጉ ነበሩ፤ ነገር ግን ያ ዋጋ ለቤት ማዋቀሪያ የሚሆኑት የጥድ ወገኖች ዋጋ ነበር። የኦክና የመሳሰሉት ጠንካራ እንጨቶች ዋጋ በየዝርያውና በየደረጃው የሚለያይ ነው። እነሱን ያናጋቸው ሌላ ምክንያት ነው፦ ዋና ገዢያቸው ቻይና እ.ኤ.አ. በ2018 ከአሜሪካ ጋር በገባችው የንግድ ውዝግብ በእንጨቱ ላይ ቀረጥ ስትጥል ገበያቸው ተመታ። በአንድ ገዢ ላይ መንጠልጠል እንዲህ ያጋልጣል፤ አንድ ትልቅ ሆቴልን ብቻ ይዞ የሚሠራ የሐዋሳ የእንጨት ሥራ ቤትም ከዚህ የተለየ ዕጣ የለውም። (በነገራችን ላይ “ጠንካራ” የሚለው ስያሜ የዛፍ ወገን መለያ ነው፤ በዚህ አከፋፈል ባህር ዛፍ ከጠንካራዎቹ፣ ዝግባና ጥድ ከለስላሳዎቹ ይመደባሉ።)

ተተኪ ዕቃዎችን አለመከታተልም ያስከፍላል። ከውጭ የሚገባ ኤምዲኤፍና ቺፑድ (ከእንጨት ቃጫና ፍቅፋቂ ተጨምቀው የሚሠሩ ሰሌዳዎች) ሲወደድ የደንበኛው ዓይን ወደ ጣውላ ይመለሳል፤ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ትስስር ይበልጥ ትኩረት ይሻል።

በመጨረሻም፣ የጊዜ ገደብ የሌለው የዋጋ ማቅረቢያ አይስጡ። ዋጋው ለስንት ቀን እንደሚጸና በጽሑፍ ያስፍሩ፤ ቀብዱም ቢያንስ የእንጨቱን ወጪ የሚሸፍን ይሁን።