አረጋውያኑን ከፀሐይ አንሷቸው፦ በገቢ ማሰባሰቢያ ዝግጅት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች መርጃ ገቢ ማሰባሰቢያ የሚያዘጋጁ ወጣቶች እየበዙ ነው። ደስ ይላል። ግን አንዳንዱ ስህተት በየዝግጅቱ ሲደጋገም ዝም ብሎ ማየት ከበደኝ።

ከሁሉ የሚብሰው አረጋውያኑን ለእይታ ማቅረብ ነው። ጥሪው «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ይላል፤ እናቶችና አባቶች ግን ከ1 ሰዓት ጀምሮ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ከፊት ይደረደራሉ። የክብር እንግዳው 5 ሰዓት ላይ ይደርሳል። እስከዚያ ጥላ የለም፣ ቁርስ የለም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው መድኃኒቱን ወስዶ ሳይበላ ከቆየ ራሱን ሊስት እንደሚችል ማንም አያስብም። ከዚያ መድረክ መሪው ማይክ ይዞ አንዲት እናት ዘንድ ይሄድና «እማማ፣ ልጆችዎ የት ናቸው? እስቲ ይንገሩን» ይላል። እሳቸው ሲያለቅሱ ስልክ ሁሉ ይወጣል፣ ካሜራው ይጠጋል፣ «አሁን እጃችሁን ዘርጉ» ይባላል። እኚህ ሴት እኮ ድግስ የደገሱ፣ ጎረቤት ያስታረቁ፣ በሰፈራቸው የተከበሩ ሰው ናቸው! ዕንባቸው በየሰው ስልክ እንዲዞር መቼ ፈቀዱ? ፈቃድ የሚጠየቀው በዋዜማው፣ ለብቻቸው፣ እምቢ ማለት በሚችሉበት ሁኔታ ነው። እምቢ ቢሉም ምግባቸውና አልጋቸው እንደማይጓደል አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

በአንድ ዝግጅት ላይ አንድ አባት ማይኩን ሲቀበሉ ስለ ችግራቸው ምንም አላነሡም፤ የመጣውን ሰው መረቁ። አዳራሹ በሙሉ «አሜን» እያለ ተቀበላቸው። ሰው የሰጠውም ያን ጊዜ ነው።

ቦታ ስትከራዩ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የሐይቁ ዳር ለፎቶ ያምራል፤ በለሰለሰ መሬት ላይ ግን ጎማው ይሰምጣል። የሕንፃ ሕጉ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ያዛል፤ ሆኖም መግቢያው ላይ ራምፕ ኖሮት መጸዳጃ ቤቱ ደረጃ ያለው አዳራሽ ሞልቷል። «ልጆቹ ተሸክመው ያወጡታል» የሚል መልስ አትቀበሉ። አንድን ጎልማሳ በእንግዳ ፊት አንጠልጥሎ ማውጣት ክብሩን መንካት ነው።

ቀን ስትመርጡ የሲዳማን ዘመን መለወጫ፣ ፊቼ ጫምባላላን አስቡ። በዓሉ የሚውልበትን ቀን የሚወስኑት የሰማዩን ምልክት የሚያነቡት አያንቶዎች ስለሆኑ በየዓመቱ ይለያያል። ፖስተር ከማሳተማችሁ በፊት ጠይቁ። በታኅሣሥና በሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥም ባጃጅ ማግኘት ጭንቅ ነው። በጾም ቀን ደግሞ የፍስክ ምግብ ብቻ አታቅርቡ።

ከገጠር የመጡ የሲዳማ አረጋውያን ፕሮግራሙን በአማርኛ ብቻ ከሰሙት እንግዳ ሆነው ይመለሳሉ። በሲዳሙ አፎ የሚናገር ሰው መድረክ ላይ ይኑር። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚውንም ብርሃን ባለበት፣ መስማት የተሳናቸው በሚያዩት ቦታ አቁሙት።

ገንዘብን በተመለከተ፦ በአስተባባሪው የግል ሒሳብ ወይም ቴሌብር አትሰብስቡ። ገንዘቡ አረጋውያኑን ወደሚረዳው ድርጅት ሒሳብ ይግባ፣ ለእያንዳንዱ ለጋሽ ደረሰኝ ይቆረጥ። ቶምቦላ ያለ ፈቃድ አይሸጥም።

ቃል የተገባ ገንዘብ እጅ የገባ ገንዘብ አይደለም። ጭብጨባው ሳያልቅ ስምና ስልክ መዝግቡ፣ በሳምንቱ ውስጥ ደውሉ። አንዳንዱ ለጋሽ የሚቀረው የሚያስታውሰው አጥቶ ነው።

በመጨረሻም «ያላችሁን አምጡ» ብላችሁ አትጥሩ። እንዲህ ሲባል የሚመጣው የተቀደደ ልብስና ቀኑ ያለፈበት ምግብ ነው፤ እሱን ለይቶ መጣልም ሥራ ይፈልጋል። የሚያስፈልገውን ዘርዝራችሁ ጻፉ፦ የአዋቂ ዳይፐር፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ ሽሮ፣ የክራንች ጎማ፣ ብርድ ልብስ።